ምልክት የሰፈረበት ድጓ

ብራና፤ ጥቁርና ቀይ ቀለም። ኢትዮጵያ። የምልክቱ ሥርዓት፦ 16ኛው ምዕት ዓመት።

የዜማ መጽሐፍ የሆነው የድጓ ድርሰት በትውፊት የቅዱስ ያሬድ ሲሆን፣ የዜማ ምልክቱን በአፄ ገላውዴዎስ ዘመነ መንግሥት (1540–1559 እ.ኤ.አ.) አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንደ ሠሩለት ይነገራል። ከንባቡ በላይ በደቂቅ ጽሕፈት የሰፈሩት ፊደላት፣ እያንዳንዳቸው ከአንድ ከታወቀ የዜማ ቃል ተወስደው፣ ደቀ መዝሙሩ ከመምህሩ አፍ ተቀብሎ በቃሉ ያጸናውን ሙሉ ሐረገ ዜማ ያሳስቡታል፤ ከእነርሱም ጋር ድፋት የተባለው ምልክት ድምፅ ዝቅ የሚልበትን፣ በተርታ የተነጠበው ርክርክም ድምፅ የሚርገበገብበትን ስፍራ ያመለክታሉ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ የተባሉት ሦስቱ ዜማዎች በዚህ ሥርዓት ይጻፋሉ። በመሆኑም መጽሐፉ፣ በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ትምህርት ጽሕፈትና ቃል ተደጋግፈው ዜማን ከትውልድ ወደ ትውልድ እንዳደረሱ ይመሰክራል።