በበቅሎ የመጣው እሳት

ሚያዝያ 3 ቀን 1860 ዓ.ም. ስቅለት ነበር። ከቀትር በኋላ የእንግሊዝ ጦር ጓዝ በበቅሎ ተጭኖ መቅደላ አጠገብ ካለው እሮጌ ሜዳ ሲደርስ፣ አፄ ቴዎድሮስ ከፋላ አምባ ላይ ሆነው ያዩታል። ጠባቂ የሌለው ሲሳይ መሰላቸው። ፊታውራሪ ገብርዬ ብዙ ሺህ ሰው አስከትለው ቁልቁለቱን ወረዱ።

አቀባበሉ ያልለመዱት ነበር። በፌሎውስ የሚመሩት የእንግሊዝ መርከበኞች የተኮሱት ሮኬት እያፏጨ መጣባቸው። ሮኬት እሮጌ ላይ የፈጀው ሰው ጥቂት ነው፤ የፈጀው ስናይደር ጠመንጃ ነው። ፈረስና ፈረሰኛ ያስደነበረው ግን ጭስ እየጎተተ የሚበረው ቱቦ ነበር።

አሠራሩ ቀላል ነው። በብረት ቱቦ ውስጥ የታጨቀ ባሩድ ሲቀጣጠል ጭሱ በኋላው ይወጣና ቱቦውን ወደፊት ይገፋዋል። የማይሶር ሕንዶች በ18ኛው ክፍለ ዘመን እንግሊዞችን በዚሁ መሣሪያ አስጨንቀዋል፤ እንግሊዛዊው ኮንግሪቭም ከእነሱ ወስዶ አሻሻለው። የኮንግሪቭ ሮኬት ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ረጅም ዘንግ ይታሰርለት ነበር። ዊልያም ሄል በ1844 እ.ኤ.አ. ዘንጉን አስቀርቶ፣ የሚወጣው ጭስ ራሱ ሮኬቱን እንዲያሾረው አደረገ።

አንድ ችግር ግን አልተፈታም፤ ጠጣር ነዳጅ አንዴ ከተለኮሰ ተቃጥሎ እስኪያልቅ አይቆምም፣ ሮኬቱም ከተለቀቀ በኋላ የሚያዘው የለም። ጀርመኖች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞተሩን እንዳለ ትተው መሪውን ለብቻው ሠሩለት። ራይንሜታል ቦርዚግ የሠራት ፀረ አውሮፕላን ሮኬት፣ ራይንቶኽተር፣ በሁለት ደረጃ ጠጣር ነዳጅ ትበር ነበር። አፍንጫዋ ላይ የተተከሉትን ትንንሽ ክንፎች ምድር ላይ ያለ ሰው በሬዲዮ ያዛቸዋል። የሄንሸል ኩባንያዋ ሽሜተርሊንግ፣ ትርጉሟ ቢራቢሮ፣ ከመሬት የምትነሣው በሁለት የሽሚዲንግ ጠጣር ሞተሮች ተገፍታ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የፈሳሽ ነዳጅ ሞተሯ ይረከባታል። ሁለቱም ለውጊያ ሳይደርሱ ቀሩ።

ጀርመንኛ ተናጋሪዎች ቴዎድሮስም ነበሯቸው። ስዊሳዊው ዋልድማየር፣ ጀርመናዊው ዛልሙለርና ጓደኞቻቸው፣ ሚስዮናውያን ሆነው ሳለ፣ ደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ መድፍ ያቀልጡ ነበር። ትልቁ፣ ሴባስቶፖል፣ 7 ቶን ያህል ይመዝናል። ንጉሡ ራሳቸው ድንጋይ እያነሡ መንገድ አስጠርገው፣ በመቶ የሚቆጠር ሰው ለወራት ጎትቶት መቅደላ ደረሰ።

በዚያ ዓርብ ከፋላ የተተኮሱት መድፎች ጥይታቸው ከእንግሊዞቹ ራስ በላይ አለፈ። ገብርዬ ወደቁ፤ አብረዋቸው 700 ያህል ሰው አለቀ። ከእንግሊዝ ወገን የሞቱት ሁለት ናቸው። ሴባስቶፖል በውጊያው አልተኮሰም፤ ዛሬም መቅደላ ላይ አለ።