የጆተኒው መስመር

ለእኛ ለሮቤና ለጎባ ልጆች የመጀመሪያው ስታዲየማችን ጆተኒ ነበር። ዝናቡ ሜዳውን ጭቃ ሲያደርገው፣ ሳንቲም ይዘን ወደ መንገድ ዳር! ግን እናንተዬ፣ ጆተኒ ላይ ኦፍሳይድ የለም፣ ፍጹም ቅጣት ምት የለም። ታዲያ ያ ሁሉ ነጭ መስመር ለምን ይቀባል?

መስመር ከሌለው ሜዳ አይመስለንማ። እ.ኤ.አ. በ1947 እንግሊዝ ውስጥ ሰቡቲዮ የተባለው የጠረጴዛ እግር ኳስ መሸጥ ሲጀምር ሜዳ አልነበረውም፤ ገዢው ጠመኔ ይሰጠውና አሮጌ የወታደር ብርድ ልብስ ላይ ራሱ ያሰምራል። እኛም ከክፍል ጠመኔ ሰርቀን፣ ሲሚንቶ ላይ አስምረን በቆርኪ ተጫውተናል። ሰቡቲዮን ማን ሰምቶ!

መስመሮቹም ዕድሜ አላቸው። አራት ማዕዘኑ የቅጣት ክልል የመጣው በ1902 ነው፤ ከፊቱ ያለችው ቅስት ግን በ1937። 105 በ68 ሜትር የሆነው ሜዳ መቶ እጥፍ ሲያንስ፣ የመሃሉ ክብ ከመሃል እስከ ጠርዝ 9.15 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው።

ባለፈው ጎባ ስንሄድ ያየነው ጆተኒ አዲስ ተቀብቷል፤ ቅስቷ ግን የለችም። ባለቤቱ ሳያውቀው ወደ 1936 መልሶናል! በጠመኔ ጨመርንለት። እስከ ማታ ኳሷ ጠርጋ አጠፋቻት።