ባሳ፦ የቦረና ዘመን ቆጣሪዎችና መንታዋ ኮከብ

በጥርና በየካቲት ወራት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ግድም፣ በአዲስ አበባ አትላስ ሠፈር ቆሞ ወደ ደቡብ ሰማይ ቀና ያለ ሰው፣ የከተማው መብራት ብዙዎቹን ከዋክብት ቢሸፍንበትም አንዲት ነጭ ኮከብ ግን አትሰወረውም። ይህች ከሌሊት ከዋክብት ሁሉ ደማቋ ሲሪየስ ናት። ለዓይን አንድ ትምሰል እንጂ ሁለት ናት፤ ጀርመናዊው ፍሪድሪሕ ቤሰል የአካሄዷን መወላገድ ተመልክቶ የማትታይ ጓደኛ እንዳለቻት በ1844 እ.ኤ.አ. ገለጸ፤ በ1862 አሜሪካዊው አልቫን ክላርክ ያችኑ ጓደኛ በመነጽር አያት። ሁለቱ በ50 ዓመት ያህል አንድ ዙር ይዞራሉ።

ቦረናዎች ይህችን ኮከብ «ባሳ» ይሏታል። አስመሮም ለገሰ በ1973 ባሳተመው የገዳ ጥናቱ እንዳስረዳው፣ «አያንቱ» የተባሉት የዘመን ቆጠራ ሊቃውንት ጨረቃን ከሰባት ከዋክብት ወይም የከዋክብት ስብስቦች ጋር እያገናዘቡ 12 ወራትን ይለያሉ። ሳምንት የላቸውም፤ ስም ያላቸው ቀናት 27 ናቸው። ወሩ 29 ወይም 30 ቀን ስለሚሆን የቀናቱ ስም ከወር ወር ይሸጋሸጋል፤ ይህን ሁሉ አያንቱው ያለ ጽሕፈት በአእምሮው ይይዛል። የባሳ ድርሻ ስድስተኛው ወር፣ ኦቦራ ዲቃ ነው።

ክርክሩ የተነሣው ከዚህ በኋላ ነው። በ1978 ሊንችና ሮቢንስ የተባሉ ተመራማሪዎች በኬንያ ናሞራቱንጋ የተተከሉ 19 የድንጋይ ዓምዶች ወደነዚሁ ከዋክብት መውጫ የተነጣጠሩ፣ ዕድሜያቸውም ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ግድም መሆኑን ጻፉ። በ1986 ሎረንስ ዶይል ጨረቃ ከነዚህ ከዋክብት የመውጫ ቦታ ጋር የምትገጥመው በዚያ ጥንታዊ ዘመን እንደ ነበር አሰላ። ስሌቱ ማራኪ ነው፤ ሆኖም ከድንጋዩ በፊት መጠየቅ የነበረበት ሰው ነበር። ክላይቭ ራግልስ በ1987፣ ማርኮ ባሲም በ1988 ባቀረቡት ጥናት፣ አያንቱ የሚመለከተው ኮከቡ ከአድማስ የሚወጣበትን ቦታ ሳይሆን ጨረቃና ኮከቡ በሰማይ ላይ ጎን ለጎን መሆናቸውን ነው አሉ። በዚህ አያያዝ ዓምድም ሆነ የ300 ዓመተ ዓለም ሰማይ አያስፈልግም። ጨረቃ ምንጊዜም ከባሳ በስተ ሰሜን ርቃ ታልፋለች፤ ለአያንቱ ግን ሁለቱ እኩል መሰለፋቸው ይበቃዋል።