የአራስ ቤትና የሌሊት ፈረቃ፦ የሕፃን እንቅልፍ በአቃቂ በሰቃ ታሪክ ውስጥ



ዛሬ የምናገርበት ጉዳይ በታሪክ መጻሕፍታችን ውስጥ ቦታ ያገኘ አይደለም። ዜና መዋዕሎቻችን ንጉሡ የት እንደ ሰፈረና ከማን ጋር እንደ ተዋጋ ይነግሩናል፤ በሰፈሩ ውስጥ ሌሊቱን ሲያለቅስ ያደረውን ሕፃን ግን አይጠቅሱም። ያም ሆኖ ሕፃን የሚተኛው በአንድ ዘመን ቤት፣ በአንድ ዘመን ሥራና በአንድ ዘመን የሰዓት አቆጣጠር ውስጥ ነውና እንቅልፉም ታሪክ አለው። «ልጁ ሌሊቱን ሙሉ መተኛት የሚጀምረው መቼ ነው?» የሚለው ጥያቄ በአቃቂ በሰቃ ክብደት ያገኘው ከፋብሪካው ጋር ነው የሚል ሐሳብ አቀርባለሁ።

ከፋብሪካው በፊት የነበረውን ሌሊት ለመረዳት ቃላቱን መጠየቅ ይበጃል፤ አራስ ቤት፣ አንቀልባ፣ እሹሩሩ። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ይነሣሉ። በእነዚያ ሳምንታት እናቲቱ በገንፎና በአጥሚት ትጠገናለች፤ የቤቱን ሥራ እናቷ፣ እኅቷ ወይም ጎረቤቷ ትይዝላታለች። ሕፃኑ ከጎኗ ይተኛል፤ ይነቃል፣ ይጠባል፣ መልሶ ያንቀላፋል። ሌሊት መንቃቱን እንደ ጉድለት የሚቆጥረው አልነበረም፤ ቀን ቀን እናቲቱም አብራው ታሸልባለችና። በአቃቂ ዙሪያ ያሉ የቱለማ ኦሮሞ እናቶች ልጅን በዜማ ማስተኛትን «ኡሩርሱ» ይሉታል፤ ቃሉ ከእሹሩሩ ጋር ያለውን ዝምድና ለቋንቋ ሊቃውንት እተወዋለሁ።

ያ ዘመን ገነት ነበር እያልሁ አይደለም። የምድጃው ጢስ ነበረ፤ ለአራስ ልጅ ቅቤ ማስዋጥም ነበረ። ሐኪሞቻችን እስከ 6 ወር ከእናት ጡት ወተት በቀር ምንም አትስጡ የሚሉት በቂ ምክንያት ስላላቸው ነው።

ባቡር አዲስ አበባ የደረሰው እ.ኤ.አ. በ1917 ሲሆን፣ አቃቂ ከከተማዋ በፊት ከሚገኙት የመጨረሻ ጣቢያዎች አንዷ ነበረች። በ1950ዎቹ መጀመሪያ በሕንዱ የቢርላ ኩባንያ ተሳትፎ የኢንዶ ኢትዮጵያ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እዚህ ተቋቋመ፤ በ1967 ዓ.ም. ደርግ ወረሰው። የኢኮኖሚ ታሪክ ጸሐፊዎች የሚቆጥሩት የክሩን ብዛት ነው። እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው፤ ፋብሪካው ወደ ራሱ የወሰደው ሥራ፣ ጥጥ መፍተል፣ ከጥንት ጀምሮ የሴቶች የቤት ሥራ ነበር። በእንዝርት የምትፈትል እናት ልጇን አዝላ ወይም አጠገቧ አስተኝታ ትፈትላለች፤ ሲያለቅስ እንዝርቱን ታስቀምጣለች። የፋብሪካው መፍተያ ግን ለልጅ ልቅሶ አይቆምም፤ ቀንና ሌሊትም በፈረቃ ይሠራል። እንግሊዛዊው የታሪክ ምሁር ኢ. ፒ. ቶምፕሰን እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተመው ዝነኛ ጽሑፍ ፋብሪካ የሰውን የጊዜ ስሜት እንዴት እንደ ለወጠ አሳይቷል። ስለ ጨቅላው ሌሊት ብዙ ባይልም ነገሩ እዚያም ይደርሳል።

ቀድመው በፋብሪካ ሰዓት በተገዙት አገሮች የልጅ አስተዳደግ ምክርም ሰዓት ጨብጦ ነበር የመጣው። የኒውዮርኩ ሐኪም ኤሜት ሆልት እ.ኤ.አ. በ1894 ባሳተመው መጽሐፍ ሕፃንን እያወዛወዙ ማስተኛትን መጥፎ ልማድ አለው፤ እያለቀሰ ይለምደው ዘንድ መከረ። በኒውዚላንድ ትሩቢ ኪንግ ሕፃን በየ4 ሰዓቱ ብቻ ይጥባ፣ ሌሊት ከቶ አይጥባ አለ። በእኔ ግምት ይህ ምክር ከሕፃን ተፈጥሮ ይልቅ ከመሣሪያ አሠራር የተቀዳ ነው።

በኋላ የመጣው ምርምር ከሆልት ይልቅ ለአያቶቻችን ያደላል። እ.ኤ.አ. በ1986 የታተመ የካናዳ ጥናት፣ በየቀኑ ተጨማሪ ሰዓት የሚታቀፉ ሕፃናት በ6ኛው ሳምንታቸው ልቅሷቸው በ43 ከመቶ እንደ ቀነሰ አሳየ። በ2022 ደግሞ የጃፓን ተመራማሪዎች የሚያለቅስን ሕፃን ይዞ 5 ደቂቃ ያህል መራመድ፣ ሲያንቀላፋም ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ይዞት ተቀምጦ ከዚያ ማስተኛት እንደሚረዳ አሳዩ። ልጅ አዝላ በጓሮ የምትንጎራደድ አያት ይህን ለመስማት ጃፓን መሄድ አላስፈለጋትም።

የሕፃን አካል ቀንን ከሌሊት መለየት የሚጀምረው ከ2ኛው እስከ 3ኛው ወር ገደማ ነው። ስለዚህ ቀን ብርሃን ማሳየት፣ ማታ መብራት ቀንሶ በለሆሳስ ማጥባት፣ ገላ ማጠቡንና እሹሩሩውን በየምሽቱ በአንድ ቅደም ተከተል ማድረግ፣ በጀርባው ማስተኛት ይጠቅማል። ይህ ሁሉ ተደርጎም ትዕግሥት ያሻል። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ሌላ የካናዳ ጥናት፣ በ6 ወራቸው 38 ከመቶ፣ በ12 ወራቸው 28 ከመቶ የሚሆኑት ሕፃናት 6 ሰዓት ሳይነቁ መተኛት እንዳልጀመሩ አግኝቷል፤ በእድገታቸው ላይም የታየ ጉዳት አልነበረም።

እነዚህን ቁጥሮች ከሕጋችን አጠገብ አስቀምጧቸው። የ1985ቱና የ1996ቱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጆች ከወሊድ በኋላ 60 ቀን ፈቀዱ፤ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ወደ 90 ቀን አሳደገው። ትልቅ እርምጃ ነው። ሆኖም እናቲቱ ወደ ማሽኑ የምትመለሰው የልጇ አካል ሌሊትን ማወቅ በጀመረበት ሳምንት ነው። ብዙዎቹ የአቃቂ ሠራተኞች ከገጠር መጥተው በአንድ ክፍል ኪራይ ቤት የሚኖሩ ናቸው፤ የምታዝልላቸው አያት ሩቅ ናት። አዋጁ ነፍሰ ጡርን ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት በሥራ ላይ መመደብን ይከለክላል፤ ክልከላው ግን ከወለደች በኋላ አይከተላትም። ልጁ ቢያንስ 6 ወር እስኪሞላው ድረስ አጥቢ እናት በሌሊት ፈረቃ እንዳትመደብ ማድረግ አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠይቅም፤ የፈረቃ ኃላፊው የስም ዝርዝሩን ሲያወጣ ሊያደርገው የሚችል ነገር ነው፤ አዋጁም እስኪሻሻል መጠበቅ አያስፈልገውም።