የመንገድ ስንቅ በታሪካችን

የታሪክ መጻሕፍት ስለ ዘመቻ ሲነግሩን የነጋሪቱን ድምፅ፣ የጠመንጃውን ቁጥርና የጀግናውን ስም ያስቀድማሉ። ነገር ግን ሠራዊት በባዶ ሆዱ አይዘምትምና ከጠመንጃው አስቀድሞ የሚሰናዳ ሌላ መሣሪያ አለ፤ ይኸውም ስንቅ ነው። አባቶቻችንና እናቶቻችን ስንቅን የመረጡበትን ብልኀት ብንመረምረው ራሱን የቻለ ዕውቀት ሆኖ እናገኘዋለን።

ስንቅ ከቤት ምግብ የሚለይበት ጠባይ አለው። ሸክሙ ቀላል፣ ቶሎ የማይበላሽ፣ በጥቂቱ የሚያጠግብ፣ ቢቻልም ያለ እሳት የሚበላ መሆን አለበት። ከዚህ ሁሉ ጋር ጣዕም ሊኖረው ይገባል፤ የደከመ መንገደኛ የማይጥመውን ምግብ ቢሸከመውም አይበላውምና።

ይህን ሁሉ አሟልቶ የሚገኘው በሶ ነው። ገብሱ ተቆልቶ፣ ገለባው ተለይቶ፣ ልሞ ከተፈጨ በኋላ በስልቻ ይቋጠራል። መንገደኛው ምንጭ ሲያገኝ በውሃና በጨው ለውሶ፣ ጭብጦ አድርጎ ይበላዋል፤ ወይም በጥብጦ ይጠጣዋል። ምስጢሩ ድካሙ በቤት ያለቀ መሆኑ ነው፤ እህሉ አስቀድሞ በእሳት ስለ በሰለ በመንገድ ላይ ምጣድም እንጨትም አይሻም። ያው በሶ በተነጠረ ቅቤ ቢታሽ ጭኮ ይሆናል፤ በጾም ወራት ግን ቅቤው ይቀራል። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ድርቆሽና ቋንጣም የተገኙት በዚሁ ብልኀት ነው፤ ምግብን የሚያበላሸው ርጥበቱ ነውና፣ በእሳት ወይም በፀሐይ ርጥበቱን ያስወጣ ሰው ሸክሙንም አቀለለ፣ ዕድሜውንም አስረዘመ ማለት ነው።

ይህ ዕውቀት የአንድ ወገን ብቻ አልነበረም። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1790 ዓ. ም. እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፉ፣ ኦሮሞዎች ለሩቅ ጉዞ ቡና ቆልተውና ወቅጠው፣ በቅቤ ለውሰውና አድቦልቡለው በቆዳ ከረጢት ይይዙ እንደ ነበር ጽፏል። አንዲቱ ድብልብል ለአንድ ቀን ድካም ከእንጀራና ከሥጋ ይልቅ ታበረታለች መባሉንም አልዘነጋም።

የስንቅ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የታየው በዓድዋ ዘመቻ ነው። ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በመስከረም 1888 ዓ. ም. የክተት ዐዋጅ ሲያስነግሩ፣ ከብቱን የጨረሰውና ሕዝቡን በረኀብ የፈጀው ክፉ ቀን ካለፈ ገና ጥቂት ዓመት ነበር። ከዚያ መከራ በቅርቡ የወጣው ገበሬ ጎተራውን ጠርጎ ሰነቀ። ከአዲስ አበባ እስከ ዓድዋ ያለው መንገድ 1000 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ሠራዊቱ በጥቅምት ተነሥቶ ውጊያው እስከ ሆነበት እስከ የካቲት 23 ቀን ድረስ ከአራት ወር በላይ ከቤቱ ርቆ ቆየ። ይህን ሁሉ ጊዜ የሚበቃ ስንቅ በአህያና በበቅሎ ጭኖ መጨረስ አይቻልም። ስለዚህ በየካቲት መጨረሻ የሁለቱም ወገን ስንቅ ወደ ማለቁ ተቃርቦ ነበር። የኢጣልያው ጄኔራል ባራቲዬሪ የኢትዮጵያ ሠራዊት በረኀብ ይበተናል ብሎ ተስፋ ሲያደርግ፣ የራሱም ጎተራ እየጎደለ መሄዱ ያስጨንቀው ነበር። ውጊያው የተፋጠነበት አንዱ ምክንያት እንግዲህ በስልቻው ውስጥ ይገኛል።

በዚህ ላይ ዝም ብለን ልናልፈው የማይገባ ነገር አለ። የወታደሩ ስንቅ ሲያልቅ ሸክሙ የሚወድቀው በመንገዱ ዳር ባለው ባላገር ላይ ነበር። ዐፄ ምኒልክ ከዓድዋ በፊት የአሥራትን ሥርዓት መደንገጋቸው፣ ወታደር በገበሬው ቤት እየተመራ የሚያደርሰውን በደል ለማቃለል ነበር። በሚገባ የተሰነቀ ስንቅ እንግዲህ ለዘማቹ ኀይል፣ ለገበሬውም ዕረፍት ነበር።

ለመሆኑ ይህን ሁሉ ያሰናዳው ማን ነው? ሲቆሉ፣ ሲፈጩና ሲቋጥሩ ያነጉት ሴቶች ናቸው። ብዙዎቹም በቤት አልቀሩም፤ እንስራውንና ምጣዱን ተሸክመው ከሠራዊቱ ጋር ዘመቱ፤ በሰፈሩበትም ሁሉ ከድካማቸው ሳያርፉ ፈጭተውና ጋግረው አበሉ። በ1928 ዓ. ም. ጠላት በአየር መርከብ ሲመጣም፣ ጢስ ሰፈርን የሚያጋልጥ ምልክት በሆነበት ጊዜ፣ ያለ እሳት የሚበላው የእነርሱ በሶ ዋጋው እጅግ ከፍ ያለ ነበር። የጦር አለቆች ስም በየመጽሐፉ ተጽፎ ሲገኝ፣ የእነዚህ ስንቅ ቋጣሪዎች ስም ግን በአብዛኛው ሳይጻፍ ቀርቷል።

ዛሬ ወታደሩ የሚመገበው በመንግሥት በጀት ነው፤ እኛም ስንቅ የምንቋጥረው ለዘመቻ ሳይሆን በዕረፍት ቀን ወደ ሐይቅ ዳር ወይም ወደ ተራራ ለሽርሽር ስንወጣ ነው። ከሣር ተሰፍቶ ቆዳ የለበሰው አገልግል ግን ዛሬም አለ፤ ቆሎውም ዳቦ ቆሎውም ጣዕሙን አለወጠም። መምህራን ተማሪዎቻቸውን ይዘው ታሪካዊ ቦታ ሊያሳዩ ሲወጡ፣ በዛፍ ጥላ ሥር የሚቀርበው ምግብ ራሱ የታሪክ ትምህርት መሆኑን ቢነግሯቸው መልካም ነው። የአገር ነጻነት የተጠበቀው በጦር ሜዳ ላይ ብቻ ሳይሆን በወፍጮው ሥርም ጭምር መሆኑን ወጣቱ ሊያውቀው ይገባልና።