በልክ የተሠራች ብስክሌት

ሰው ልብሱን በልኩ ያሰፋል፤ ጫማውንም በእግሩ ልክ ይመርጣል። ብስክሌትን ግን ብዙዎቻችን ከገበያ እንደ ተገኘች እንገዛና፥ እርሷ ለእኛ መስማማቷ ቀርቶ እኛው ለእርሷ ለመስማማት ስንታገል እንታያለን። ወገባችንን ሲያመን፥ በዝናብ ጊዜ ጭቃ ጀርባችንን ሲያበላሸው፥ ሲመሽም መብራት አጥተን ከመንገድ ስንመለስ፥ ጉዳዩን ሁሉ በጉልበታችን ማነስ እናመካኛለን። ታሪክን ብንመረምር ግን ጉድለቱ ብዙ ጊዜ የሰውዬው ሳይሆን የመሣሪያው እንደ ሆነ እናገኛለን። ስለዚህ ዝናብና ሌሊት ሳይበግራት ለሩቅ መንገድ የምታገለግለው ብስክሌት በፈረንሳይ አገር እንዴት ተሠርታ ለዚህ እንደ በቃች ባጭሩ ለመግለጽ አሰብን። የምንጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

በ1888 ዓ.ም. ጆን ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት ከተማ የሚኖር የእንስሳት ሐኪም በአየር የሚነፋውን የብስክሌት ጎማ አስመዘገበ። ከሦስት ዓመት በኋላ በ1891 ዓ.ም. አንድ የፓሪስ ጋዜጣ ከፓሪስ ተነሥቶ ብረስት እስከሚባለው የባሕር ወደብ፥ ከዚያም ወደ ፓሪስ የሚመለስ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ውድድር አዘጋጀ። ሻርል ቴሮን የተባለው ፈረንሳዊ ሚሽላን በሠራው፥ ከቸርኬው በቀላሉ በሚወልቅ ጎማ እየነዳ፥ ይህን ሁሉ መንገድ በ71 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ፈጸመ። በዚህም ሰው በገዛ ጉልበቱ ምን ያህል ሊርቅ እንደሚችል ዓለም ተረዳ።

ይሁን እንጂ የቴሮንን ጉልበት የሚያህል ጉልበት ያለው ከሺሕ አንድ ነው። ታዲያ ሌላው ሰው ቤቱ ይቀመጥ? ይህን ጥያቄ አጥብቆ ያነሣው ፖል ደ ቪቪ የተባለ፥ በሴንት ኤትየን ከተማ የሚኖር የሐር ነጋዴ ነበር። በ1853 ዓ.ም. የተወለደው ይህ ሰው ንግዱን ትቶ በ1887 ዓ.ም. ስለ ብስክሌት የሚናገር መጽሔት አቋቋመ፤ ቬሎስዮ በሚል የብዕር ስምም ታወቀ። የከተማው ዙሪያ ተራራ ስለ ሆነ፥ አንድ ማርሽ ብቻ ያላት ብስክሌት ለሜዳው ብትመች ለዳገቱ እንደማትመች በገዛ እግሩ ተማረ። ስለዚህ ከፔዳሉ ዘንድ ትልቅና ትንሽ ባለጥርስ መንኮራኩር አድርጎ፥ ካቴናውን በእጁ ከአንዱ ወደ ሌላው እያዛወረ ይነዳ ጀመር።

የነገሩን ጥቅም በቍጥር ብናስረዳ ይሻላል። የፊተኛው 44 ጥርስ፥ የኋለኛው 22 ጥርስ ቢኖረው፥ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ጊዜ ይዞራል፤ ብስክሌቷም ከ4 ሜትር ትንሽ ትበልጣለች እንጂ ከዚያ አታንስም። የፊቱም የኋላውም 28 ጥርስ ቢሆን ግን በአንድ ዙር የምትሄደው የዚህን ግማሽ ያህል ነው። መንገዱ ያጥራል፥ ነገር ግን የሚጠይቀው ኀይል ያንሳል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደሚባለው፥ ደካማውም ሰው ዳገቱን ይወጣል።

ይህን አሳብ የተቃወሙት ብዙዎች ነበሩ። ከእነርሱም ዋናው በ1903 ዓ.ም. የፈረንሳይን ዙር ውድድር የመሠረተው አንሪ ደግራንዥ ነው። በእርሱ አስተያየት ድል የጡንቻ እንጂ የመሣሪያ መሆን አይገባውም፤ ማርሽ መለወጥም ዕድሜያቸው ለገፋ ሰዎች የሚስማማ ነው። ስለዚህ በውድድሩ የሚካፈሉት ብርቱዎች ከዳገቱ ሥር ወርደው፥ የኋላውን ጎማ ፈትተውና ገልብጠው በሌላው ጥርስ ይወጡ ነበር። ካቴናውን እየተነዳ የሚያዛውረው መሣሪያ በዚያ ውድድር የተፈቀደው በ1937 ዓ.ም. ነው። ቬሎስዮ በ1930 ዓ.ም. ትራም ገጭቶት ስለ ሞተ ይህን ለማየት አልታደለም። ዳሩ ግን አሳቡ አልሞተም።

ከ1934 ዓ.ም. ጀምሮ በፈረንሳይ አገር ሰውን ሳይሆን ብስክሌትን የሚፈትን ውድድር ይደረግ ጀመር። ብስክሌቶቹ ቀላል መሆናቸው ብቻ አይበቃም ነበር፤ በተራራና በከፋ መንገድ ብዙ ኪሎ ሜትር ከተነዱ በኋላ የላላውና የተሰበረው እየታየ ነጥብ ይቀነስባቸዋል። በዚህ ፈተና ስማቸው ከተጠራው ሠሪዎች መካከል አሌክስ ሲንዤ በ1938 ዓ.ም.፥ ቀድሞ በአውሮፕላን ሥራ ላይ የነበረው ሬኔ ኤርስም በ1940 ዓ.ም. ከፓሪስ አጠገብ በለቫልዋ ፔሬ ሱቅ ከፈቱ። የኤርስ ሴት ልጅ ሊሊ አባቷ በሠራላት ብስክሌት የፈረንሳይ ሻምፒዮን ለመሆን በቅታለች።

የእነዚህ ሰዎች አሠራር እንዲህ ነበር። ደንበኛው ሲመጣ እንደ ልብስ ሰፊ የእግሩን፥ የእጁንና የቁመቱን ልክ ይወስዳሉ፤ በየትኛው መንገድ እንደሚሄድና ምን ያህል ጭነት እንደሚይዝም ይጠይቁታል። ከዚያ በኋላ ቀጫጭኑን የብረት ቱቦ ቈርጠው ይበይዳሉ። ፓራፋንጎው፥ መብራቱና የጭነት ማሰሪያው በኋላ የሚለጠፉ ሳይሆኑ ከመጀመሪያው የታሰቡ የአካሏ ክፍሎች ናቸው። የፊቱ ፓራፋንጎ ወደ መሬት ዝቅ ይላል፤ ያለዚያ ውኃው እግርንና ካቴናን ይመታል። በጎማውና በፓራፋንጎው መካከልም ጭቃ እንዳይዘው በቂ ክፍተት ይተዋል። ጎማው ሰፋ ያለ ስለ ሆነ አየሩ መጠነኛ ቢሆን ይበቃዋል፤ ድንጋያማውንም መንገድ ያለዝበዋል። መብራቱ ከጎማው መዞር ኀይል ከሚወስድ ዲናሞ ስለሚበራ፥ ሌሊቱ ቢረዝም ባትሪ አለቀ ብሎ መስጋት የለም። ዛሬ ይህ ዲናሞ በፊተኛው ጎማ እምብርት ውስጥ ይገባል።

በልክ የተሠራችውም ብትሆን ባለቤቱ ካላስተካከላት አታስደስትም። መቀመጫውን ለመለካት ተረከዛችንን በታችኛው ፔዳል ላይ ብናደርግ እግራችን ቀጥ ማለት አለበት፤ በእግራችን ፊተኛ ክፍል ስንረግጥ ያን ጊዜ ጕልበታችን በመጠኑ ይታጠፋል። መሪው እጅግ ቢርቅ ትከሻን፥ እጅግ ቢቀርብ አተነፋፈስን ያስቸግራል። ስለዚህ ሩቅ ከመሄድ በፊት አጭር መንገድ ሄዶ፥ ጥቂት ዝቅ ወይም ከፍ አድርጎ፥ እንደ ገና መሞከር ያስፈልጋል።

ከፓሪስ ብረስት ደርሶ የሚመለሰው ጕዞ ዛሬም አለ። በ1951 ዓ.ም. የባለሙያዎቹ ውድድር ቢያበቃም፥ ተራ ሰዎች በየአራት ዓመቱ ይጓዙታል፤ በ2023 ዓ.ም. ከ6,000 ሰው በላይ ተነሥቷል። ተጓዡ አስቀድሞ በዚያው ዓመት 200፥ 300፥ 400 እና 600 ኪሎ ሜትር መንዳቱን ማስመስከር አለበት። ከዚያ በኋላ እስከ 90 ሰዓት ይሰጠዋል። በዚህ ጕዞ አንደኛ ሁን የሚል የለም፤ ድረስ ነው የሚባለው።

እንግዲህ ከዚህ ታሪክ የምንማረው ይህ ነው። ደግራንዥ ብርቱውን ለይቶ ለማሳየት ፈለገ፤ ቬሎስዮ ግን ደካማውንም ከተራራው ጫፍ ለማድረስ ደከመ። በመሣሪያ መረዳትን እንደ ነውር የቈጠሩት ሰዎች በመጨረሻ ራሳቸው ማርሽ ለወጡ። እኛም ክረምትንና ዳገትን የምናውቅ ተማሪዎች፥ በትምህርትም ሆነ በመንገድ የደከመ ጓደኛ ስናይ ጉልበቱን ከመንቀፍ በፊት የያዘው መሣሪያ በልኩ መሆኑን እንጠይቅ። መንገዱ የብርቱዎች ብቻ አይደለምና።