የካልደር ሆል የአቶም ኤሌክትሪክ ጣቢያ አሠራርና ዓላማ

ንግሥት ኤልሳቤጥ ዳግማዊት በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ፣ በከምበርላንድ፣ የካልደር ሆልን ጣቢያ መርቀው የከፈቱት ኦክቶበር 17 ቀን 1956 ነው (ዘመኑ ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ነው)። ጣቢያው የሰላማዊ አቶም መጀመሪያ እየተባለ ሲነገርለት ኖሯል። ሩሲያኖች በኦብኒንስክ ሁለት ዓመት ቀድመው 5 ሜጋዋት ያህል ኤሌክትሪክ ስላወጡ፣ ቀዳሚነቱ በመጠን ብቻ ነው። እኔ የምጠራጠረው ግን «ሰላማዊ» የሚለውን ቃል ነው።

ነገሩ የሚጀምረው ከአጠገቡ፣ ከዊንድስኬል ነው። እዚያ የነበሩት ሁለት ሪአክተሮች ከ1950 ጀምረው ለቦምብ የሚሆን ፕሉቶኒየም ያመርቱ ነበር፤ የሚቀዘቅዙት በነፋስ ስለ ነበረ ሙቀታቸው ሁሉ በጭስ ማውጫው ወጥቶ ባክኖ ይቀር ነበር። መሐንዲሶቹ ጋዙን በዝግ ዕቃ ውስጥ አምቀው ቢያዘዋውሩት ውሃ አፍልቶ ተርባይን እንደሚያዞር ተረዱ። የዕቅዱ ስም «ፒፓ» ነበር፤ ፊደሎቹ ሲተረጐሙ በታመቀ ጋዝ የሚሠራ፣ ኃይልና ፕሉቶኒየም የሚያወጣ ክምር ማለት ነው። እንግዲህ ሁለቱም ዓላማ በስሙ ውስጥ ተጽፏል።

ሥራው በ1953 በሰር ክሪስቶፈር ሂንተን የበላይነት ተጀመረ። የበለጸገ ዩራኒየም በበቂ ስላልነበራቸው የተፈጥሮውን ወሰዱ፤ ይህም ግራፋይትን ግድ አደረገ። ነፋስ የጋለ ግራፋይትን ስለሚያቃጥል በምትኩ ካርቦን ዳይኦክሳይድ መረጡ።

ከሁሉ የከበደው የሪአክተሩ ማቀፊያ ጋን ነበር። ስፋቱ 11 ሜትር፣ ቁመቱ 21 ሜትር ያህል ሲሆን፣ 7 አትሞስፌር የሚደርስ ግፊት መቻል ነበረበት። ይህን የሚያህል ዕቃ በመንገድም ሆነ በባቡር አይጓጓዝምና የአረብ ብረቱ ሰሌዳ እዚያው በቦታው ተበየደ። የሰሌዳው ውፍረት 5 ሴንቲሜትር ነው፤ በዚያን ጊዜ ከፋብሪካ ውጭ፣ በሜዳ ላይ፣ ከዚህ የወፈረውን አስተማምኖ መበየድ ያስቸግር ነበር። ስለዚህ የግፊቱን ልክ፣ በግፊቱም በኩል የኃይሉን ልክ የወሰነው የአቶም ሊቃውንት ስሌት ብቻ ሳይሆን የበያጁ እጅ ነው ለማለት ይቻላል። በጋኑ ውስጥ በተደረደረው ግራፋይት 1,696 የነዳጅ ቀዳዳዎች ነበሩ።

አሁን ወደ ጥርጣሬዬ ልመለስ። ኤሌክትሪክ ብቻ የሚፈልግ ሰው ነዳጁን የቻለውን ያህል ያቆየዋል። ለቦምብ ግን ነዳጁ ቶሎ መውጣት አለበት፤ ከቈየ ፕሉቶኒየም 240 የሚባለው ዐይነት በዝቶ ያበላሸዋል። በካልደር ሆል በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቅድሚያ የተሰጠው ለዚህ ለሁለተኛው ነበር። ነዳጁ የተሸፈነበት የማግኒዝየም ቅይጥም ብዙ ግለት ስለማይችል፣ ከሙቀቱ ወደ ኤሌክትሪክ የሚለወጠው ከሩብ አያልፍም ነበር።

ኤሌክትሪኩ ማታለያ ነበር ማለቴ አይደለም። አራቱ ሪአክተሮች እስከ ማርች 31 ቀን 2003 ድረስ ሠርተዋል፤ ከ1964 ወዲህም ዋና ሥራቸው መብራት ማውጣት ሆኗል። እንግሊዝ ለጦር መሣሪያ የሚሆን ፕሉቶኒየም ማምረት ማቆሟን ያስታወቀችው ግን በ1995 ነው። የማቀዝቀዣ ግንቦቹ በ2007 ፈረሱ፤ የመጨረሻው ነዳጅ ከሪአክተሮቹ የወጣው በ2019 ነው።